የአባዬ ቮልስና የአባያ ነፋስ

ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ወይም በየሳምንቱ ታጥባ የምትወጣ አሮጌ መኪና አለች? ካለች ይህን ጽሑፍ ከባለቤቷ ጋር ሆናችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። ባለቤቷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባታችሁ ናቸው። አሮጌ መኪና የሚወድ አባት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ "መኪናው ይሸጥ" ብሎ ወንድምና እህት እርስ በርስ ማውራት ቀላል ነው። እሳቸው ፊት ቁጭ ብሎ መናገሩ ነው የሚከብደው።

የእኛዋ ቮልስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች፣ 1300 የምትባለዋ፣ ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ የምትመስል። አባዬ ወጣት መምህር ሳለ ከሥራ ባልደረባው ላይ በየወሩ እየከፈለ ገዛት። በዕድሜ ከእኔም ከታላቅ ወንድሜም ትበልጣለች። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከሲቀላ ወደ ሼቻ የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ ድምጿን ሰምቶ "መምህር መጡ" የማይል የሰፈራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ነዳጅ የሚቀዳላት የፊት ኮፋኖዋ ተከፍቶ ነው። ማደያ ላይ አዲስ ሠራተኛ ካለ ኮፋኖው ሲከፈት ሞተር አጥቶ የሚያሳየውን ፊት ለማየት ልጆቼ መስኮቱ ላይ ይለጠፋሉ።

እንደምታውቁት አሮጌ መኪና ዛሬ ድሮ እንደነበረው ርካሽ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው። ስለዚህ "ይሸጥ" የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ገዢ አይጠፋም። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው።

አባዬ 71 ዓመቱ ነው። በየቅዳሜው ወደ ምዕራብ አባያ ይሄዳል፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን፣ በላንቴ በኩል፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ እህቱ አለች፤ ከእሷ ጋር የሚካፈለው የሙዝና የማንጎ ማሳም አለ። (እኛ ቤት "አባዬ አባያ ሄደ" የሚለው ቀልድ ከተጀመረ ስንት ዓመቱ፤ ልጆቼ አሁንም ይስቁበታል።) መንገዱን የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፤ በአንድ በኩል የጋሞ ተራሮች፣ በሌላው በኩል ያ ቀይ ቡናማው ሐይቅ። ጠዋት ሲሄዱ ውሃው እንደ ዘይት ተኝቷል። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ቀጥ ባለው የመንገዱ ክፍል ላይ ቮልሷ አፍንጫዋን ቀና የምታደርግ ይመስላል። አባዬ "መሪው ይቀለኛል" ይላል። በዚህ ላይ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ከፊት ሲመጣ መጀመሪያ ይገፋታል፤ ከዚያ ወደ ራሱ ስቧት ያልፋል።

አንድ ቅዳሜ ማታ እራት ላይ የሰባት ዓመቷ ልጄ "ዛሬ መኪናዋ ወደ ጎን ዘለለች፤ አባባ ግን ያዛት" አለች። አባዬ ምንም እንዳልተባለ እንጀራውን መጠቅለል ቀጠለ። እማዬ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤታችን ተከፋፈለ። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ በስልክ "በቃ ይሸጥ፤ የባጃጅ እኔ እከፍላለሁ" አለ። ባለቤቴ "መኪናውን ይንዱት፤ ልጆቹ ግን አብረው አይሂዱ" አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህኛው ከመሸጡም ይብስ ነበር። ለአባዬ ቅዳሜ ማለት ማሳው ሳይሆን ኋላ ወንበር ላይ የሚጨቃጨቁት ሁለቱ ልጆች ናቸው። እማዬ ድምፅ አልሰጠችም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በር በሩን ታያለች። እኔ ደግሞ አንዱንም ከመወሰናችን በፊት መኪናዋ ለምን እንደምትቀል ማወቅ ፈለግሁ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወንድሜ አንድ ፎቶ ላከልኝ፦ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ፈገግ ያለ አፍ የሚመስል ዕቃ። "ይህን ልግዛለት?"

አገጭ የወጣላት ቮልስ

ዕቃው የፊት ስፖይለር ይባላል። ከፊት ፓራውልቱ ስር ታስሮ ከጎን እስከ ጎን የሚሄድ፣ ወደ መሬት የሚወርድ ከንፈር ነው። ልጆቼ "አገጭ" አሉት፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ ልጥራው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቢዝነስ ተምሬ ቀኑን የምውለው ሰው ያላሰበውን ነገር እንዲፈልግ በማድረግ ነው። ስለዚህ "መኪናዎን ከመንገዱ ጋር ያጣብቃል" የሚል ጽሑፍ ሳይ መጀመሪያ የማየው የፎቶውን ብርሃን ነው። ይህን ዕቃ ግን ዝም ብዬ ልጥለው አልቻልኩም፤ ከጀርባው እውነተኛ ነገር አለ።

መኪና ስትሄድ ፊቷ ያለውን አየር ትከፍለዋለች፤ ከፊሉ በላይ፣ ከፊሉ በጎን፣ ከፊሉ በሆዷ ስር ያልፋል። የቮልስ ጀርባ እንደ ኤሊ ጉብ ያለ ስለሆነ በላይ የሚያልፈው አየር ይፈጥናል፤ የፈጠነ አየር ግፊቱ ይቀንሳል። በታች የገባው ግን በመሬቱና በመኪናዋ ሆድ መካከል ይጨናነቃል። ከታች ያለው ግፊት ከላይኛው ሲበልጥ መኪናዋ ትንሽ ወደ ላይ ትነሳለች። የምትነሳው ለዓይን በሚታይ መጠን አይደለም፤ ጎማው መሬቱን የሚጫንበት ኃይል ነው የሚቀንሰው። አገጩ የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው፦ በሆዷ ስር የሚገባውን አየር ቀንሶ ወደ ጎን ይመልሰዋል።

ቮልስ ላይ ይህ ነገር የሚጎላው ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ነው። ባዶዋን ወደ 800 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ከዚህ ውስጥ ከመቶ 60 ያህሉ የሚያርፈው የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። የሚመሩት የፊት ጎማዎች ከመጀመሪያውም ብዙ ክብደት የላቸውም። የድሮ ቮልስ ነጂዎች ለዚህ መላ ነበራቸው፤ የፊት ኮፋኖ ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ያስቀምጡ ነበር። አባዬ ማንጎ ነው የሚያስቀምጠው። የማንጎ ወቅት ሲያልፍ መሪው ይበልጥ እንደሚቀለው ራሱ ነግሮኛል፤ ግን ሁለቱን ነገር አያይዞት አያውቅም ነበር።

ይህ የእኛ አባት ብቻ ችግር አለመሆኑን ያወቅሁት ታሪኩን ሳነብ ነው። ካርል ማየር የሚባል ጀርመናዊ፣ የቮልስ ፋብሪካ ባለበት በቮልፍስቡርግ ከተማ ካማይ የሚባል የመኪና ዕቃ ድርጅት ነበረው፤ ስሙም ከራሱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ለቮልስ ከፊት የሚታሰር አገጭ ሠራ። ለመንገድ መኪና ከተሠሩት የፊት ስፖይለሮች የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ ይነገርለታል። አስቡት፤ የመጀመሪያው አገጭ የተሠራው ለእሽቅድምድም መኪና ሳይሆን ለሕዝብ መኪና፣ በዚያው በቀለለ መሪ ምክንያት።

ነገሩ ወደ ፉከራ የዞረው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ቢኤምደብልዩ 2002 ቱርቦ አገጩ ላይ ስሙን በግልባጭ ፊደል ጽፎ ነበር የቀረበው፤ ከፊት ያለው ነጂ በመስታወቱ ሲያይ ቀጥ ብሎ እንዲነበብለት። "ዞር በልልኝ" ማለት ነው በሌላ አማርኛ። በዚያው ዓመት የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ ጽሑፉም ብዙ ተቃውሞ ቀሰቀሰ። በሙያዬ ዓይን ሳየው ግሩም ማስታወቂያ ነበር፤ እንደ ልጆች እናት ሳየው ግን ያንን መኪና ከኋላዬ አልፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ፤ ማንም "ግዙ" ሲላችሁ የምትይዙት ነው። የአየር ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። በ100 ስትነዱ የሚያነሳችሁ ኃይል በ50 ስትነዱ ካለው አራት እጥፍ ነው። አባዬ ከ70 አያልፍም፤ በ70 ያለው ኃይል በ100 ካለው ግማሹ ብቻ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩም ከባሕር ዳር አገሮች በአንድ አሥረኛ ያህል ይሳሳል። ከዚህ ብንነሳ አገጩ ለእሱ ጌጥ ነው ያስብላል። ነገር ግን መኪናዋ የምታውቀው የራሷን ፍጥነት ሳይሆን የአየሩን ነው። አባዬ በ70 እየሄደ ነፋሱ ከፊት በ30 ከመጣበት ቮልሷ አየሩን የምትገጥመው በ100 ነው። ጠዋት ያልነበረው ነገር ከሰዓት በኋላ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከጎን የሚመጣውን ነፋስ ግን አገጭ አያስቆመውም። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ትንሽ በተሻለ እንዲይዙ ያግዛል፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ የሚሰጣችሁ ሻጭ ካለ እንደ ሙያ ባልደረባዬ አደንቀዋለሁ፤ ዕቃውን ግን አልገዛውም።

ወንድሜ ሊያዝ ሲል አንድ ነገር አስቆመው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የቮልስ ፓራውልትና ከስሩ ያለው የፊት ላሜራ ቅርጹ ተቀይሯል፤ መጀመሪያ ያየው አገጭ ለእነዚያ የተሠራ ነበር። 1302 እና 1303 የሚባሉት ደግሞ ከፊት ሌላ ዓይነት አሠራር ነው ያላቸው። "የቮልስ" ብቻ ብላችሁ እንዳታዝዙ። የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ዓመቱን አረጋግጡ።

"መጀመሪያ የጎማዋን ንፋስ እንይ"

አገጩ አዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ፣ ከዚያ በአውቶቡስ አርባ ምንጭ ደረሰ። አባዬ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለአንድ ሳምንት ለጎረቤት ሁሉ አሳየው። "ልጄ የላከልኝ ነው" ይላል። ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው ግን ብዙ ማብራሪያ አላገኘም።

ይህን ሳምንት ልብ በሉልኝ። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት "አባዬ፣ የፊት እግሯን እናሳያት" ስንለው "ምንም አልሆነችም" ነበር መልሱ። ቮልሷ ላይ ችግር አለ ማለት እሱ ላይ ችግር አለ ማለት ይመስለው ነበር፤ ዕድሜውን የምንቆጥርበት። የልጁ ስጦታ ግን ሌላ ነው። ስጦታውን ለማሰር ደግሞ መኪናዋ ጋራዥ መግባት፣ ፓራውልቷ መውረድ፣ ፊቷ በክሪክ መነሳት አለበት።

መካኒኩ ሲቀላ ያለ፣ ቮልስ እየፈታ ያረጀ ሰው ነው። አገጩን ገልበጥ አድርጎ አየውና ወደ ጎን አስቀመጠው። "ጋሼ፣ ይኼ ይደርሳል። መጀመሪያ የጎማዋን ንፋስ እንይ።"

አራቱም ጎማዎች 32 ነበሩ። ጎሚስታ ዘንድ የገባ መኪና ሁሉ 30 ወይም 32 ተሞልቶ ነው የሚወጣው፤ ለዛሬ መኪኖች ልክ ነው። የቮልስ መመሪያ መጽሐፍ ግን ከፊት 16፣ ከኋላ 24 አካባቢ ነው የሚለው። ክብደቷ ከኋላ ስለሆነ የኋላው ጎማ ጠንከር፣ የፊቱ ለስለስ ማለት አለበት። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ መኪናዋ መንገድ ላይ መዋለል ትጀምራለች፤ ነፋስ ሲመጣማ አይጣል ነው። መካኒኩ ጎማዎቹ ራዲያል ስለሆኑ ከፍ አድርጎ ፊቱን 18፣ ኋላውን 27 አደረገው። ዋጋው ዜሮ ብር። ከዚያ የጎማዎቹን ጎን በእጁ ጠረገና አራት ቁጥሮች አሳየን። እናንተም ዛሬ ወጥታችሁ የራሳችሁን መኪና ተመልከቱ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የእኛዎቹ የፊት ጎማዎች ጥርሳቸው ገና አዲስ ነበር፤ ቁጥራቸው ግን ልጄ ከመወለዷ በፊት መሠራታቸውን ይናገራል። አርባ ምንጭ ፀሐይ ላይ የሚቆም ጎማ ሳይነዳም ያረጃል።

ቀጥሎ ፊቷን በክሪክ አነሳና የግራውን ጎማ ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ጎማው "ቋ፣ ቋ" አለ። ለአባዬ ምንም አላለውም፤ "ጋሼ እስኪ እርስዎ ይያዙት" ብቻ አለው። አባዬ ጎንበስ ብሎ ያዘና ነቀነቀ። እንደገና ነቀነቀ። ተነስቶ እጁን በመሀረብ ጠረገ። "ቦል ጆይንቱ ነው?" አለ፤ ድምፁ ክፍል ውስጥ ተማሪ ትክክል መልስ ሲመልስለት የነበረው ዓይነት ነበር። የመሪው ዳምፐርም፣ መሪው እንዳይርገበገብ የሚይዘው ትንሿ ሾክ፣ ዘይቷን ጨርሳ ቆይታለች። ሁለት ዓመት የለመንነው ጥገና በአንድ ከሰዓት ተፈቀደ።

ካርቶን፣ ብሎንና ነዳጅ

አገጩን ከማሰራችን በፊት ካርቶን አሰርን። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ማንኛውንም ነገር በውድ ዋጋ ከማሳተማችን በፊት ናሙና እናያለን አይደል? ወፍራም ካርቶን በአገጩ ቅርጽ ቆርጠን ፓራውልቱ ስር በፕላስተር ለጠፍንና አባዬ የሚሄድበትን ሁሉ ዞርን፦ የሰፈሩ ኮብልስቶን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎቹ፣ የግቢያችን በር ደፍ፣ ማሳው የሚገባበት ጥርጊያ መንገድ። ካርቶኑ ሁለት ቦታ ተላጠ። አንዱ የገዛ ግቢያችን በር ነበር። በዚያ ልክ ቆረጥነውና የታችኛው ጠርዙ ከመሬት 19 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲያርፍ ተስማማን። አውሮፓ ውስጥ ከዚህ በጣም ዝቅ ያደርጉታል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ይሠራልና። የእኛ መንገድ ግን የራሱን ልክ ይሰጣል። መካኒኩ ከጠርዙ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ ላስቲክ ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ቆርጦ ጨመረበት። ድንጋይ ሲነካው ይተጣጠፋል፤ ፋይበሩ አይሰበርም።

ቀዳዳ መብሳቱ ላይ ነው ጥንቃቄው። ቮልስ ውስጥ የነዳጅ ታንኩ ያለው ከፊት፣ ልክ ከኮፋኖው ስር ነው። ትራፓኖ ይዞ ፊቷን መብሳት የሚጀምር ባትላሜራ ካያችሁ አስቁሙት። እኛ ነዳጁ በሙሉ ተቀድቶ ወጣ፤ ታንኩ ወርዶ ከጋራዡ ውጭ ተቀመጠ፤ ከኋላ ወንበር ስር ያለው ባትሪም ተነቀለ። ከዚያም በተቻለ መጠን አዲስ ቀዳዳ ሳንበሳ፣ ፓራውልቱን በያዙት ብሎኖች ተጠቀምን። አዲስ የተበሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዳር ዳራቸው ዝገት መከላከያ ተቀብቶ፣ ከላስቲክ ሮንዴላ ጋር። አባዬ ሁለቱም ሲበሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሞ ነበር።

ሌላው የፍሬን ነገር ነው። የእኛዋ ቮልስ አራቱም እግሯ ከበሮ ፍሬን ነው። ከጨንቻ በዶርዜ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ያለውን ቁልቁለት የወረደ ሰው፣ ከበሮ ፍሬን ሲግል ፔዳሉ እንዴት እንደሚሰምጥ ያውቀዋል። አገጭ በሆድ ስር የሚያልፈውን አየር ሲቀንስ የፊት ፍሬኖቹን የሚያቀዘቅዘውንም ይቀንሳል። ሞተሯ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ግን አየሩን የምትስበው ከኋላ ስለሆነ እሷ አትጎዳም። ከፊት ራዲያተር ያለው መኪና ካላችሁ ግን የራዲያተሩን አፍ የሚሸፍን አገጭ እንዳትገዙ። ለዶርዜ መንገድ መላው ሁለት ነው፦ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ፣ አለበለዚያም አራቱን ብሎኖች ፈትቶ አገጩን ቤት ጥሎ መሄድ። አባዬ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው። ሲፈታው ሰው እንዲያየው ይፈልጋል መሰለኝ፤ ሁልጊዜ በሩን ከፍቶ ነው።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን እንዲገጠም አባዬ ጓጉቶ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም፤ ይህ ለሳሙና ማስታወቂያም ለመኪናም ይሠራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቅዳሜ በአዲሶቹ የፊት ጎማዎች፣ በተስተካከለው ንፋስ፣ በአዲሱ ቦል ጆይንትና ዳምፐር፣ ያለ አገጭ ሄድን። እኔ ጎኑ ተቀምጬ፣ ልጆቹ ቤት ቀርተው። በሁለተኛው ቅዳሜ አገጩ ታስሮ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ለውጥ ትልቁ ነበር። አይሱዙ ሲያልፍ አባዬ መሪውን ትንሽ ብቻ ነካ አደረገው፤ ድሮ በሁለት እጁ ይታገለው የነበረውን። አገጩ የጨመረው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን አለ። ነፋሱ ከፊት ሲበረታ ያ "ቅል" የሚለው ስሜት ቀነሰ፤ ጎማው መንገዱን ሲያገኝ በመሪው በኩል ወደ እጅ የሚመጣው ንዝረት አልጠፋም። ወጪውን ለሚያስብ ሰው፦ ንፋሱ በነፃ፣ ጎማና ቦል ጆይንት ቀጥሎ፣ አገጭ መጨረሻ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። አባዬን ከጠየቃችሁት ግን ሁሉንም የሠራው አገጩ ነው። ጀርመን ላለው ልጁም እንደዚያ ብሎ ነው በስልክ የነገረው፤ እኔም መካኒኩም አላረምነውም።

የባለቤቴ ጥያቄ ግን አልተመለሰም ነበር፤ ልጆቹስ? መሪ ቢስተካከልም መኪናዋ የ1967 መኪና ናት። እዚህ ላይ እኔም ከእሱ ጋር ቆምኩ። አገጭ ልጅ አይዝም። መካኒኩ ኋላ ወንበር ላይ ሁለት የደህንነት ቀበቶ ገጠመ፤ ብሎኖቹ ላሜራውን ቀድደው እንዳይወጡ ከስር በወፍራም የብረት ሳህን ተደግፈው። ከአገጩ ያነሰ ዋጋ ነው ያስወጣን፤ ማንም ጎረቤት ግን ሊያየው አልመጣም። የቤታችንን ስምምነት የጻፈችው እማዬ ናት፤ የቃል ስምምነት አልወደደችም። ቮልሷ ከምዕራብ አባያ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ትነሳለች። ከዚያ ካለፈ ልጆቹ በሚኒባስ ይመጣሉ፤ አባዬም ነፋሱ እስኪበርድ እህቱ ቤት ቡና ይጠጣል። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ አባዬም ፈርሞበታል፤ ፈተና ወረቀት ላይ ይፈርም በነበረው በዚያ ቀይ እስክሪብቶ።

በቀደም መንገድ ዳር አንድ ኤሌክትሪክ የቮልስዋገን አይዲ 4 ቆሞ አይተን ልጄ ምልክቱን አወቀችው። "የአባባ መኪና ልጅ ናት?" አለችኝ። ሞተሯ እንደ አባባ መኪና ከኋላ የሆነ እንዳለ ስነግራት ጎንበስ ብላ ከፊት በኩል ስሯን አየች። "አገጭ ግን የላትም" አለች።